ጎማ ያበቀለ ሸክም

እንዲያው ይህን ባለ ጎማ ሻንጣ የሚሠራው ሰው፣ ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን መቱ ላይ ከአውቶብስ ቢወርድ ምን ነበረበት? አንድ ቀን ብቻ። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ ቀርቶ፣ ሰማዩም እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላውን ተደፍቶ። ከአስፋልቱ ዳር ወረድ ይልና ያንን የሚመዘዝ እጀታ ሽቅብ ይስበዋል፤ ሻንጣውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ሁለት እርምጃ ይጎትታል። በሦስተኛው ጎማው መዞሩን ያቆማል። የኢሉባቦር ቀይ ጭቃ በጎማውና በመያዣው መሀል ገብቶ ይለስነዋል። ከዚያ ወዲያ በእጅህ ያለው ነገር ሻንጣ መሆኑ ቀርቷል፤ ማረሻ ነው። ሁለት ትልም እያወጣ ይከተልሃል።

እኔ ባለፈው ነሐሴ ለፍልሰታ ፍቺ እናቴ ዘንድ ጎሬ ስሄድ እነዚያን ሁለት ትልሞች አውጥቻለሁ። ሱቅ በረንዳ ላይ ዝናብ የተጠለሉ አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ምን ልትዘራበት ነው?» አሉኝ። በቆሎ እንዳልላቸው ወቅቱ አልፏል።

ነገሩ የኔ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን በዚያ አውቶብስ ውስጥ ባለ ጎማ ሻንጣ የያዘ ሁሉ ፊቱ አንድ ዓይነት ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አዲስ አበባ መናኸሪያ ስንደርስ ሻንጣችንን በትከሻቸው ያስገቡልን ልጆች ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጎማ መጎተት የሰው ጣት መጨፍለቅ ነውና። ቀጥሎ ወደ ፖርቶመጋላው ወጣ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ ሲቀበል ገና ጎማውን ሲያይ ነው የሚያማርረው። ጎማ ያለው ነገር መኪና ጣሪያ ላይ አርፎ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ይገለብጠዋል፤ ጎማው ወደ ሰማይ፣ እጀታው ወደ ታች። ሻንጣው ደግሞ እንደኔው ያ የሚያብረቀርቅ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ገመድም አይዘውም። «ጋሼ፣ የርስዎ እንደ ዓሣ ያሟልጫል!» ብሎ ጮኸብኝ ከላይ። ምን ልበለው? ሱቅ ውስጥ ሳለ የማረከኝ ያ ማብረቅረቁ ነበር። በመጨረሻ የአንዲት ሴትዮ ሁለት ሙሉ ማዳበሪያ ዕቃ ግራና ቀኝ ደገፈውና ነገሩ አለቀ። እስከ መቱ ድረስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ የኔን ዘመናዊ ሻንጣ ማዳበሪያ ደግፎት ሄደ።

በደሌ ለምሳ ስንወርድ ወሬው ሁሉ ሻንጣ ሆነ። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች አንዲት ልጅ፣ «የኔን ያስረከብኩት በአራት ጎማ፣ የተረከብኩት በሦስት» አለች። መቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ደግሞ እጀታው ከወጣ መግባት እምቢ ካለ ሁለት ሴሚስተር ሆኖታል፤ ሻንጣው አልጋ ሥር ስለማይገባለት በሩ ጥግ እንደ ዘበኛ ቆሟል። አንድ መምህር ዚፑ መሀል ላይ ተከፍቶ፣ ከላይና ከታች ግን ተዘግቶ፣ «ፈገግ ብሎ መጣ» አሉን ሻንጣቸውን። ሳቅን። ሳቃችን ግን ያው የደከመው ሰው ሳቅ ነው። ማንም «የኔው ደህና ነው» አላለም። ባለ ማዳበሪያዋ ሴትዮ ብቻ ዝም ብላ ፍርፍሯን ትበላለች።

ጭቃውን ሸሽተህ ኮብልስቶን ላይ ብትወጣ ሌላ ጣጣ ነው። ኮብልስቶን ለእግረኛ በረከት ነው፤ ክረምት ከበጋ ጭቃ ሳይነካህ ቤትህ ትገባለህ። ለሻንጣ ግን ጥርስ ነው። የተለመደው የሻንጣ ጎማ ዳር እስከ ዳር ቢለካ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ሁለት ተኩል። በአግድም የሚጎተት ጎማ ደግሞ እስከ እምብርቱ የሚደርስ እንቅፋት ከገጠመው ጉልበት ብትጨምርለት ባትጨምርለት አይወጣውም፤ ይገተራል እንጂ። ከዚያ ያነሰውንም ቢሆን የሚወጣው እንቅፋቱ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ጉልበት ካንተ ነጥቆ ነው። የጋሪ ጎማ ትልቅ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ባለ ጋሪው ፊዚክስ ባይማርም ይህን ያውቃል፤ ፊዚክስ የተማረው የሻንጣ ነዳፊ ነው የረሳው።

ጫጫታውስ! በድንጋዩ ላይ ታ-ታ-ታ-ታ እያለ ሲሄድ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ይቀሰቅሳል። ድሮ ሰው ቪዛው መውጣቱን ለጎረቤት ሳይተነፍስ፣ ዓይን ፈርቶ፣ በሌሊት ውልቅ ይል ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። በሌሊት ሻንጣ ከጎተትክ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እናትህ ዘንድ መጥቶ «እንኳን ደስ አለሽ» ይላታል።

አራት ጎማ ያለውና ዙሪያውን የሚሽከረከረው ይሻላል የሚሉ አሉ። እነሱ ጎሬን አያውቋትም። ጎሬ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ባለ አራት ጎማውን አቁመህ ሒሳብ ልክፈል ብለህ ኪስህ ስትገባ ጥሎህ ይሄዳል። አንዴ የኔው ወደ ባሮ ሸለቆ ፊቱን አዙሮ ሲነሣ አንዲት ቡና የምታሰጣ ሴት በእግሯ አቆመችልኝ፤ ቡናዋንም ደፋሁባት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። «ሻንጣህን እሰረው» አለችኝ፣ እንደ በሬ።

ባለ ጎማው ሻንጣ ሲፈጠርም ጣጣ አላጣውም ነበር። በርናርድ ሳዶው የሚባል አሜሪካዊ የሻንጣ ኩባንያ ምክትል ኃላፊ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከሚስትና ልጆቹ ጋር አሩባ የምትባል ደሴት ዕረፍቱን ጨርሶ ሲመለስ፣ ጉምሩክ ላይ ሁለት ከባድ ሻንጣ ይዞ ይታገላል። አንድ ሠራተኛ ከባድ ማሽን በባለ ጎማ ሳንቃ ላይ አድርጎ ያለ ድካም ሲገፋ ያየዋል። ቤቱ ሲገባ የቁም ሣጥን ጎማ አውጥቶ ሻንጣ ላይ መታ፣ ማሰሪያ አበጀለት፣ ጎተተው። ወደ ትልልቆቹ የኒውዮርክ መደብሮች ይዞት ቢዞር ግን አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ መለሰው፤ ወንድ ልጅ ሻንጣ አይጎትትም፣ መሸከም ነው የሚያምርበት አሉት። በመጨረሻ ሜሲስ የሚባለው መደብር ተቀበለው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1972 አገኘ። (ወንድ ተሸካሚ ነው ያሉት ሰዎች የኛን ገበያ መንገድ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ባል በትሩን ይዞ ፊት ፊት፣ ሚስት እንጨቱን አዝላ ኋላ ኋላ።) የሳዶው ሻንጣ በጎኑ ተኝቶ እንደ ፍየል በገመድ የሚሳብ ነበር፤ ጠመዝመዝ ባለ ቁጥር ይወድቃል። ሮበርት ፕላዝ የሚባል የአየር መንገድ አብራሪ በ1987 አቆመው፤ ሁለት ጎማ፣ የሚመዘዝ እጀታ። ዛሬ የምንጎትተው ይህንኑ ነው።

ልብ በሉ። አንደኛው የአየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ አየር ማረፊያ ለአየር ማረፊያ ሲዞር የሚኖር አብራሪ። ሁለቱም ያሰቡት የተወለወለ ወለል ነው። በደላቸው የለም፤ ችግራቸውን ፈቱ። የኛን ችግር የፈታ ግን እስካሁን አልመጣም። የነሱን መፍትሔ ነው እያስመጣን የምንሸከመው።

ጎሬ ዕቃ ማጓጓዝ የማታውቅ ከተማ ብትሆን እንዲህ አልናደድም ነበር። ከ1894ቱ የምኒልክና የእንግሊዝ ውል በኋላ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ ከካርቱም የሚነሣ መርከብ በባሮ ወንዝ ይመጣ ነበር። የኢሉባቦር ቡና በጎሬና በቡሬ በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ ጨውና አቡጀዲ ሽቅብ ይወጣል። ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ እስኪቀመጥባት ድረስ የደራች ነበረች። ተንኮሉ ደግሞ መርከቡ የሚመጣው በክረምት ብቻ መሆኑ ነው፤ ወንዙ ካልሞላ አይንሳፈፍማ። ወንዙ ለመርከብ ሲመች መንገዱ ለእግር አይመችም። ያን ሁሉ ጭቃ ግን በበቅሎና በሰው ጀርባ አለፉት። በ1928 በጣሊያን ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቀው ሲወጡ መንግሥት ራሱ መቀመጫውን ወደ ጎሬ አዛወረ፤ ራስ እምሩም ከሽሬ ግንባር በጎጃም አድርገው እዚሁ ደረሱ። መንግሥት የሚያህል ዕቃ ያለ ጎማ መጥቷል ማለት ነው። እኔ አራት ሸሚዝና አንድ ጥንድ ጫማ ይዤ ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አቃተኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ሻንጣዬ ጭኔ ላይ አይያዝ፣ እግሬ ሥር አይገባ፤ በመጨረሻ የሰው ወንበር ይዞ፣ የሰው ሒሳብ ተከፍሎለት ሄደ። መስኮት በኩል ነበር የተቀመጠው። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

የሻንጣው ጣጣ አገር ውስጥ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችንም ከሚዛን ጋር ሲታገሉ ነው የሚኖሩት። በብዙ የውጭ በረራ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚጓዝ ሰው የሚፈቀደው አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ጎማው ራሱ ይለካል። ትልቁ ባለ ጎማ ሻንጣ ባዶውን 5 ኪሎ ይመዝናል እንበል። የቀረህ 18 ነው። ቡና በፈረሱላ ስንሰፍር ያደግን ሰዎች ይህን ለማስላት ወረቀት አንፈልግም፦ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሻንጣው ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የሚቀርህ አንድ ፈረሱላና እፍኝ ነው። በዚያች ፈረሱላ ውስጥ ነው እንግዲህ ቡናው፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ የእናት ማር፣ ኮረሪማው፣ የአክስት «ይቺን ትንሽዬ ነገር ብቻ» የሚገባው። «ትንሽዬ ነገር» ሁለት ኪሎ የማይሞላ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ያ የታወቀው ትዕይንት ይመጣል። ሚዛኑ 26 ይላል። ልጅቱ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና በትሕትና ፈገግ ትላለች። አንተ ወለል ላይ ተንበርክከህ ሻንጣህን በሕዝብ ፊት ትከፍታለህ። ከኋላህ ያለው ሰልፍ ሁሉ የውስጥ ሱሪህንና የእናትህን ሽሮ አብሮ ያያል። ሹራብ አውጥተህ ትለብሳለህ፣ በላዩ ኮት፣ በላዩ ጃኬት። ቦሌ ላይ በሰኔ ሦስት ልብስ ደራርቦ የሚያልበው ሰው ብርድ የያዘው እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ኪሎ የበዛበት ነው። ደርሰህ ደግሞ ሻንጣ በሚዞርበት ቀበቶ ዳር ስትቆም ሁሉም ጥቁር ነው። እንዳይጠፋኝ ብለህ ቀይ ጨርቅ አስረህበታል። ሁሉም ቀይ ጨርቅ አስሯል።

አሁን ወደዚያች ሴትዮ ማዳበሪያ ልመለስ። ማዳበሪያ ስል ለአፈር የሚሰጠውን ሳይሆን የመጣበትን ከረጢት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ቀጭን ጥብጣብ ሆኖ፣ እንደ ሸማ ተሸምኖ ነው የሚሠራው። ሃምሳ ኪሎ ይሸከማል፤ ራሱ ግን መቶ ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ከፖርቶመጋላ ቢወረወር አይሰበርም። ገመድ ይይዘዋል። ሲያልቅ ይታጠፍና ኪስ ውስጥ ይገባል። ሴትዮዋ ያንን ይዛ ስትጓዝ ደሀ ናት እንላለን፤ እኔ ስንጥቅ ያለበት አምስት ኪሎ ፕላስቲክ ስጎትት ደግሞ ተጓዥ እባላለሁ።

ታዲያ በዓለም ላይ ቀላልና ጠንካራ ተብለው ዋጋቸው ሰማይ ከነካው ሻንጣዎች አንዳንዶቹ ከምን የተሠሩ ይመስላችኋል? ከዚሁ ከፖሊፕሮፒሊን ጥብጣብ። ሳምሶናይት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ኮስሞላይት የተባለው ሻንጣ የተሠራው ኩርቭ ከሚሉት ነገር ነው፤ ኩርቭ ማለት ደግሞ የተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን በድርብርቡ ሆኖ በሙቀትና በግፊት ሲጣበቅ የሚገኝ ንጣፍ ነው። በአማርኛ ሲነገር የተተኮሰ ማዳበሪያ ነው። ይህን ሳውቅ ሳቄም ብስጭቴም አብሮ መጣ። ባለ ማዳበሪያዋ ሴትዮ ያለችበት ቦታ ለመድረስ ስንት ኢንጂነር፣ ስንት ፋብሪካ ደከመ! ያውም የነሱ ላይ ጎማ አለበት።

የኔው ሻንጣ ከዚያ ወገን አይደለም። ከሁለቱ ደረቅ ፕላስቲኮች ርካሹ ነው፤ ኤቢኤስ ይሉታል። ፖሊካርቦኔት የተባለው፣ ሪሞዋ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. ለሻንጣ ያመጣው፣ ሲመታ ጎድጎድ ይልና ተመልሶ ይቃናል። ኤቢኤስ ግን ኩሩ ነው፤ አይጎደጉድም፤ ይሰነጠቃል። ስገዛው ይህን የነገረኝ የለም። የነገረኝ ሌላ ነው። ሻጩ ሻንጣውን መሬት ላይ አጋደመና ከነጫማው ወጥቶ ቆመበት። «አየህ? ምንም አይሆንም!» አለኝ። ሁላችሁም ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሻንጣ የሚሸጥበት ሁሉ አለ፣ ሻንጣ ላይ ቆሞ። ሻንጣ ግን ሰው ስለቆመበት አይሰበርም። የሚሰበረው ከአውቶብስ ጣሪያ በማዕዘኑ ሲወድቅ ነው። ከዚያ ላይ ጥለህ አሳየኝ የሚለው ደፋር ገዢ ገና አልተወለደም።

ደግሞ የሰፈር ሻንጣ የሚባል ነገር አለ። በየሰፈሩ ደህና ሻንጣ ያለው አንድ ቤት ነው፤ ያ ሻንጣ የሁሉም ነው። ለጫጉላ ይሄዳል፣ ለሆስፒታል ይሄዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ለተመደበ ልጅ ይሄዳል። ሲመለስ «ምንም አልሆነም» ይባላል። ባለቤቱ ለራሱ ሲፈልገው አንድ ጎማው በፌስታል ተጠቅልሎ ውስጡ ተቀምጦ ያገኘዋል። እህቴ ቤት ያለው ሻንጣ አምስት ሙሽራ አጅቧል። ቁልፉ የት እንዳለ የምታውቀው ሦስተኛዋ ሙሽራ ነበረች፤ እሷ አሁን ቶሮንቶ ናት።

ማንም ሳይዋሰውም ይበላሻል፤ ይኼኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ። ጎሬ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ እርጥበቱ ግድግዳ ላይ ካርታ ይሥላል። የሻንጣ ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፖሊዩሪቴን ነው የሚለበጠው። ለስላሳ ነው፣ አይጮኽም። ከፖሊዩሪቴን ዓይነቶች አንዳንዱ ግን እርጥበት ቀስ እያለ ውስጡ ይገባና ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል፤ ሳይሠራ በቁሙ ያረጃል። ለበዓል ብለህ ሣጥን ውስጥ ያኖርከው ጫማ ገና በመጀመሪያው ቀን ሶሉ እንደ ቂጣ ሲፈረፈር አይተህ ይሆናል፤ ይኸው ነው። ሻንጣውን አልጋ ሥር አስገብተህ፣ በነጠላ ሸፍነህ፣ ሁለት ዓመት ጠብቀኸው፣ የመንገዱ ዕለት ስታወጣው ጎማው ፍርፋሪ ሆኖ ወለሉ ላይ ይቀራል። ሠርቶ ያለቀ ዕቃ አያናድድም። ቆጥበኸው የሚያልቅ ነው የሚያናድደው።

የኔም ጎሬ ስደርስ አንደኛው ጎማ ከጭቃው ጋር ተላቆ ቀረ። በማግስቱ ላሠራው ወጣሁ። መጀመሪያ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ፤ ጎማ ነው ብዬ። ልጁ አገላብጦ አየውና፣ «ጋሼ፣ እኛ ጎማ የምንለው ነፋስ ያለውን ነው» አለኝ። ጫማ ሰፊው ዚፑን በሻማ አሽቶ ሸኘኝ፤ ለዚያ እግዜር ይስጠው። ሦስተኛው ሬዲዮም ምጣድም የሚጠግን ሰው ነበር። ካቻቢቴውን አንሥቶ ዙሪያውን ብሎን ፈለገ። የለም። «ይሄ ሪቬት ነው» አለ፤ «ፋብሪካው ማንም እንዳይፈታው ብሎ ነው የመታው።» ሦስት ደህና ጎማ ያለው፣ ጎኑ ደህና፣ ዚፑ የታሸ ሻንጣ፣ በአንዲት ሪቬት ምክንያት ሊጣል ነው። በሬ እንኳ አንድ እግሩ ቢሰበር ሥጋው ይበላል።

ሪቬቱን ብሎን ማድረግ ምን ያህል ያስወጣል? ሳንቲም ነው። ጎማው የጣሳ አፍ ያህል ሰፋ ቢል፣ ውስጡ ጭቃ ሊያስተፋው የሚችል ክፍተት ቢኖረው፣ በአራቱም ጎኑ መያዣ ቢኖረው፣ ለጣሪያ ገመድ የሚያልፍበት ቀለበት ቢበጅለት፣ አካሉም ያ የተሸመነ ነገር ቢሆን፤ ጨረቃ ላይ ውጡልን አላልንም። ልጅ ሳለን ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ እየለቀምን፣ ሳንቃ ላይ እየመታን፣ የጎሬን ቁልቁለት እየጮኽን እንወርድበት ነበር። ሲሰበር እዚያው መንገድ ዳር፣ በድንጋይና በሚስማር፣ ምሳ ሳይደርስ ይጠገናል። ያኔ ሁላችንም የአሥር ዓመት ልጆች ነበርን።

ስመለስ ሻንጣውን ጎሬ ተውኩት። እናቴ ሸሚዞቼን፣ ማሩንና ቡናውን በሁለት ማዳበሪያ ከታ፣ አፉን በሲባጎ ሰፍታ፣ ሚኒባሱ ጋ አስደረሰችኝ። ረዳቱ በአንድ እጁ ወርውሮ ከጣሪያው አስቀመጠው፤ አልጮኸብኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወልኩላት።

«ሻንጣው እንዴት ነው፣ እማዬ?»

«ዶሮዋን አስታቀፍኩበት። ክዳኑ ከዝናብ ይከልልላታል። አሥራ አንድ ፈለፈለች።»

«ጎማዎቹስ?»

«እነሱንማ የጎረቤት ልጆች ወስደው ጋሪ ሠሩባቸው። ቀኑን ሙሉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነው የሚውሉት፤ አላስተኛ አሉኝ።»

«ሪቬቱን በምን ፈቱት?»

«በድንጋይ።»